ሮበርት የተባሉ ሳይንቲስቶችና ደራሲዎች፦ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ?

ይህ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ስለተጀመረ የምልልስ ክር ነው። የክሩ መክፈቻ ጽሑፍ አጭር ነው። ጸሐፊው ሮበርት በሚል ስም የሚታወቁ ሳይንቲስቶችንና ደራሲዎችን ሰብስቦ ለማጣቀሻ የሚሆን ዝርዝር ማዘጋጀት ፈልጓል። አስራ ሁለት ስም በፊደል ተራ ደርድሮ ከየስሙ ጎን የአንድ መስመር መግለጫ አስቀምጧል፦ ቦይል የጋዝ ሕግ፣ ሁክ ህዋስ፣ ብራውን የሚንቀጠቀጥ የአበባ ብናኝ፣ ቡንሰን የጋዝ ማንደጃ፣ ኮኽ ቲቢ፣ ሚሊካን ኤሌክትሮን፣ ጎዳርድ ሮኬት። ከደራሲዎች በርንስ፣ ብራውኒንግ፣ ስቲቨንሰን፣ ፍሮስትና ሙዚል አሉ። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ማን ቀረ? የቱ መግለጫ ተሳስቷል? ምላሾቹ 27 ደርሰዋል። ብዙዎቹ ከዝርዝሩ የበለጠ ቁም ነገር ስለያዙ በተራ ቁጥራቸው እየተከተልኩ እተርካቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ በምስጋና ይጀምርና አንድ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከሚሆን በልደት ዓመት ቢደረደር ይሻላል። እንዲያ ከሆነ ቦይል (1627) እና ሁክ (1635) ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላው ተቀጣሪ እንደነበረም ለማስታወስ ይመቻል።

2ኛው መላሽ ይህችን ነጥብ አንሥቶ ከክሩ ረጃጅም ምላሾች አንዱን ጻፈ። ሁክ ኦክስፎርድ ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሮ የቦይልን የአየር ፓምፕ በ1659 ገደማ የሠራ ሰው ነው። በ1662 የታተመው ሕግ (የታሰረ አየር ይዘት ሲቀንስ ግፊቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሁለቱ ብዜት አይለወጥም) የመጣው በዚያ ፓምፕ ውጤቶች ላይ ከተነሣ ክርክር ነው። ሙከራው ግን ፓምፕ አይፈልግም። ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ የመስታወት ቱቦ ይወሰዳል፤ አጭሩ ክንድ የተደፈነ፣ ረጅሙ ክንድ ክፍት ነው። በክፍቱ በኩል ሜርኩሪ ሲጨመር በአጭሩ ክንድ የታሰረው አየር ይጨመቃል። ግፊቱን ለማግኘት በሁለቱ ክንዶች መካከል ባለው የሜርኩሪ ከፍታ ልዩነት ላይ የከባቢ አየሩ ግፊት ይደመራል፤ በቦይል ሰንጠረዥ ይህ 29 ከ2/16 ኢንች ነው።

መላሹ ከሰንጠረዡ ሦስት መስመር አወጣ። አየሩ 48 ክፍል ሲይዝ ግፊቱ 29 ከ2/16 ኢንች፣ 24 ክፍል ሲይዝ 58 ከ13/16፣ 12 ክፍል ሲይዝ 117 ከ9/16 ነው። ይዘትና ግፊት ሲባዙ በቅደም ተከተል 1398፣ 1411.5 እና 1410.75 ይሰጣሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን መስታወትና በወረቀት መለኪያ የተገኘው ልዩነት ከመቶ አንድ አይበልጥም። የመጀመሪያው ረጅም ቱቦ ተሰብሮ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ክፍል ውስጥ ሊቆም ስላልቻለ ሙከራው ደረጃ ላይ ተሠርቷል። መላሹ የቦይል መግለጫ የሁክን ስም እንዲይዝ፣ የሁክ መግለጫም ከቡሽ ላይ ካያቸው ህዋሶች (1665) በተጨማሪ የሞላ (ስፕሪንግ) ሕጉን (1678) እንዲጠቅስ ጠየቀ። ትክክል ነው፤ ሁክን በህዋስ ብቻ ማስታወስ ብዙ ሥራውን መቅበር ነው።

3ኛዋ መላሽ ሜርኩሪ ሳይነካ ይህን ሙከራ መድገም ይቻል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። 4ኛው መልስ ሰጣት። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅና የግፊት መለኪያ በጎማ ቱቦ ይገናኛሉ። ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ብዙ መለኪያዎች የሚያሳዩት ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ መደመር አለበት። ሁለተኛ፣ የሲሪንጁን መግፊያ በፍጥነት መግፋት አየሩን ያሞቀዋል፤ እያንዳንዱ ንባብ ከመመዝገቡ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 2.5 ሚሊ ሊትር አየር ይይዛል። ሲሪንጁ 60 ሲል ይህ ስሕተት ትንሽ ነው፤ 15 ሲደርስ ግን ከንባቡ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። የቱቦው ይዘት ካልተጨመረ የግፊትና የይዘት ብዜት ከ60 ወደ 15 ሲወረድ ከመቶ 11 ያህል ይቀንሳል፤ ሠሪውም ሕጉ አልሠራም ብሎ ይደመድማል።

5ኛው ምላሽ ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። መላሹ የብራውን መግለጫ ስሕተት ነው፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲገለበጥ የኖረ ስሕተት ነው ይላል። ሮበርት ብራውን በ1827 የመረመረው ክላርኪያ ፑልኬላ የተባለችውን አበባ ብናኝ ነው፤ ሲንቀጠቀጡ ያያቸው ግን ብናኞቹን ሳይሆን ከብናኞቹ ውስጥ የወጡትን ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። ብራውን ራሱ የቅንጣቶቹን ርዝመት ከኢንች 1/4000 እስከ 1/5000 ገምቶታል፤ ይህ 5 ወይም 6 ማይክሮ ሜትር ነው። ሙሉው ብናኝ ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የውሃ ሞለኪውሎች ግጭት በዓይን በሚታይ መጠን አያናውጠውም። መላሹ ሌላም ቁም ነገር አከለ። ብራውን እንቅስቃሴው የሕይወት ምልክት እንዳይሆን ጠርጥሮ ለረጅም ጊዜ የደረቀ ብናኝ፣ የተፈጨ መስታወትና ድንጋይ ሳይቀር ሞክሯል፤ ሁሉም ተንቀጠቀጡ። ሥራው የሚደነቀው በዚህ ማጣራት ነው። ምክንያቱን አይንስታይን በ1905 በስሌት፣ ዣን ፔራን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልኬት እስኪያሳዩ ድረስ ነገሩ ምሥጢር ሆኖ ቆይቷል። የህዋስን ኒውክለስ ስም የሰጠውም ይኸው ብራውን ነው፤ መክፈቻው ይህን ሙሉ በሙሉ ዘሎታል።

6ኛው ምላሽ ተግባራዊ ነው፤ እኔም በጣም ወድጄዋለሁ። እንቅስቃሴውን ለማየት አበባ ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። አንድ ጠብታ ወተት በሃያ ጠብታ ውሃ ይቀጠናል፤ ከዚያ ትንሽ ጠብታ በስላይድ ላይ ይደረግና በቀጭን መሸፈኛ መስታወት ይከደናል። የመሸፈኛው ጠርዝ ዙሪያውን በቫዝሊን ይታሸጋል። 400 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ አንድ ማይክሮ ሜትር ገደማ የሆኑት የቅባት ጠብታዎች ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይታያሉ። ቫዝሊኑ ካልተቀባ ውሃው ከጠርዝ ይተንናል፣ ጅረትም ይፈጠራል። መለያው ቀላል ነው። ጎረቤታሞቹ ቅንጣቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ጅረት ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ከተርገበገበ ብራውን ያየው ነው። የማይክሮስኮፑ መብራት ቢበረታም ያው ጅረት ይነሣል፤ ብርሃኑን ቀንሶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል።

7ኛዋ መላሽ ክሩን ወደ ስም ጥያቄ መለሰችው። የኮኽ ሙሉ ስም ሃይንሪኽ ኸርማን ሮበርት ኮኽ ነው፤ ሮበርት ሦስተኛ ስሙ ነው። ታዲያ ዝርዝሩ የመጀመሪያ ስም የሚለው ምኑን ነው? 8ኛው መላሽ እስከ መጨረሻው ያገለገለ ደንብ አቀረበ፦ ሰውየው በሕይወት ሳለ የተጠራበትና ሥራውን ያሳተመበት ስም ይታይ፤ የልደት መዝገብ አይወስንም። በዚህ ደንብ ኮኽ ይገባል። ዩሊየስ ሮበርት ማየር፣ በ1842 ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጡ የጻፈው ሐኪም፣ ይገባል። የአቶሚክ ቦምቡ ፊዚክስ ሊቅ ጄ ሮበርት ኦፐንሃይመርም ይገባል። የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ሮበርት ኪርኾፍ ግን ጉስታቭ ተብሎ ስለኖረ ይወጣል፤ ቻርልስ ሮበርት ዳርዊንም እንዲሁ።

9ኛው መላሽ በዚሁ ደንብ ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈውን ቶማስ ሮበርት ማልተስን አስገባ። ማልተስ በቤተሰቡና በወዳጆቹ ዘንድ ሮበርት ይባል ነበር። 10ኛው አልተስማማም፤ መላው ዓለም ቶማስ ማልተስ የሚለውን ሰው ሮበርት ብሎ ማስገባት አንባቢን ማደናገር ነው ይላል። 11ኛው ደግሞ ተቆጣ። 8ኛውን ምላሽ ሳታነቡ አትከራከሩ፣ ደንብ ከወጣ በኋላ ለአንድ ሰው ሲሆን አይታጠፍም የሚል ይዘት ያለው፣ ትሕትና የጎደለው ምላሽ ነው። የ11ኛው አነጋገር ሻካራ ቢሆንም ነጥቡ ትክክል ይመስለኛል፤ ማልተስ ከማሳሰቢያ ጋር ይግባ።

12ኛው መላሽ የዳርዊንን ስም ሰምቶ ሌላ ሮበርት ይዞ መጣ፦ ዳርዊን የተሳፈረባትን ቢግልን የመራው ካፒቴን ሮበርት ፊትዝሮይ። ፊትዝሮይ የመርከቧን ጉዞ ታሪክ በ1839፣ ስለ አየር ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1863 አሳትሟል፤ የመጀመሪያው የጋዜጣ የአየር ትንበያው ኦገስት 1 ቀን 1861 ወጥቷል። መርከበኛ፣ ሳይንቲስትና ደራሲ በአንድ ሰው ናቸው። ይህን የተቃወመ አልነበረም።

13ኛው ምላሽ ስለ ቡንሰን ነው። ማንደጃውን ቡንሰን ፈለሰፈ የሚለው መግለጫ መስተካከል አለበት። ሃይደልበርግ ውስጥ አዲሱ ላብራቶሪ ሲገነባ ቡንሰን ጥላሸት የሌለው ትኩስ ነበልባል ፈለገ፤ ጋዝና አየር ከመቀጣጠላቸው በፊት ይቀላቀሉ የሚል ሐሳብ ሰጠ። ቅርጹን አውጥቶ በ1855 ገደማ የሠራው የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ፒተር ዴሳጋ ነው። ይኸው መላሽ ጥንቃቄውንም ዘረዘረ። ሲለኮስ የአየር ቀዳዳው ይዘጋል፤ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ በግልጽም ይታያል። ከዚያ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ሲከፈት ሰማያዊ ይሆናል። ጋዙ አነስተኛ ሆኖ ቀዳዳው በሰፊው ከተከፈተ ነበልባሉ ወደ ቱቦው ውስጥ ይገባና እታች ጋዙ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ይነዳል፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ቱቦውም በአደገኛ ሁኔታ ይግላል። ያኔ ጋዙን ዘግቶ፣ ቱቦውን ሳይነኩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ቀዳዳውን ዘግቶ እንደገና መለኮስ ነው።

14ኛዋ መላሽ ቡንሰን ለምን ንጹሕ ነበልባል እንደፈለገ አስረዳች። ቢጫ ነበልባል ራሱ ስለሚያበራ በውስጡ የሚገባው ጨው የሚሰጠውን ቀለም ይሸፍናል። ቡንሰንና ከዝርዝሩ የተባረረው ኪርኾፍ ያን ቀለም በስፔክትሮስኮፕ ተንትነው ሲዚየምን በ1860፣ ሩቢዲየምን በ1861 አገኙ። ቡንሰን ከ44 ቶን ገደማ የማዕድን ውሃ ያወጣው የሲዚየም ክሎራይድ 7 ግራም ያህል ብቻ ነበር። እሷም ለሚሞክር ሰው ምክር ጨመረች። የፕላቲኒየም ሽቦው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየተነከረ ነበልባሉን ማቅለም እስኪያቆም ድረስ ይቃጠል። ጣት ከነካው በላብ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይያዝበትና ሁሉ ነገር ቢጫ ይሆናል። የፖታሲየም ሐምራዊ ቀለም በሶዲየም ቢጫ ሲዋጥ በሰማያዊ የኮባልት መስታወት በኩል ማየት ይረዳል።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ምላሾች ስለ ሚሊካን ናቸው፤ የክሩ ትልቁ ጠብም እዚህ ነው። 15ኛው ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ በዘይት ጠብታ የለካበትን ሙከራ በቁጥር ማስረዳት ጀመረ። ራዲየሱ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነ የዘይት ጠብታ አየር ውስጥ በሰከንድ 0.11 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለመውረድ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በሰዓት መቁጠሪያ ሊለካ ይችላል። የያዘው አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ብቻ ከሆነና ከላይና ከታቹ ያሉት ኤሌክትሪክ የተሰጣቸው ሁለት የብረት ሳህኖች 16 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ አየር ላይ ለማንሳፈፍ 3700 ቮልት ገደማ ይጠይቃል። ዘይት የተመረጠው ውሃ ስለሚተን ነው፤ እየተለካ የሚቀንስ ጠብታ ክብደቱ አይታወቅም። ሚሊካን በ1913 ያሳተመው የቻርጅ ዋጋ ዛሬ ባለን መለኪያ ሲጻፍ 1.592 ሲካፈል ለ10 የ19 ርቢ ኩሎምብ ነው፤ ትክክለኛው 1.602 ነው። ጉድለቱ የመጣው ለአየር ቪስኮሲቲ (አየሩ ለሚወርደው ጠብታ ለሚያሳየው መጎተት) ከተወሰደው ዋጋ ነው። ስሌቱ ውስጥ ቪስኮሲቲ በአንድ ተኩል ርቢ ስለሚገባ ከመቶ 0.4 ያህል ዝቅ ማለቱ ውጤቱን ከመቶ 0.6 ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ ምላሽ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስሕተት ሲነገር ምንጩና መጠኑ አብሮ መነገር አለበት።

16ኛው መላሽ ግን ሚሊካን ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል እስከማለት ደረሰ። የ1913ቱ ጽሑፍ 58 ጠብታዎችን ያቀርብና እነዚህ ያልተመረጡ ናቸው ይላል፤ የላብራቶሪ ደብተሮቹ ግን ከዚያ የበዙ ጠብታዎችን ይዘዋል። ይህ ማጭበርበር ካልሆነ ምን ይባላል ሲል ጠየቀ። 17ኛው በቁጣ መለሰለት። ደብተሩ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ መሣሪያው ገና ሲስተካከል የተወሰዱና ያልተጠናቀቁ ልኬቶች ናቸው፤ የተተዉት ቢጨመሩም አማካዩ ብዙም አይለወጥም፤ የሚሰፋው የስሕተት ወሰን ነው። ሰውን አጭበርባሪ ከማለት በፊት ደብተር ማንበብ ይቅደም አለ። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተወራረፉ፤ የሁለቱንም ስድብ እዘልለዋለሁ። በእኔ ፍርድ ልኬቱ ትክክል ነው፤ ሁሉም ጠብታ ቀርቧል የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ትክክል አይደለም፤ መግለጫው ሁለቱንም ይያዝ።

18ኛዋ መላሽ ጠቡን ያበረደችው ሁለቱም ያላነሡትን ሰው በማንሣት ነው። በዘይት ጠብታው መሣሪያ ላይ የሠራው የዶክትሬት ተማሪ ሃርቪ ፍሌቸር ነበር። ሚሊካን ስለ ኤሌክትሮን ቻርጅ የተጻፈውን ጽሑፍ በብቸኝነት፣ ፍሌቸር ደግሞ ስለ ብራውን እንቅስቃሴ የተጻፈውን በብቸኝነት እንዲፈርሙ ተስማሙ። ፍሌቸር ይህን የጻፈው ማስታወሻ የወጣው ከሞቱ በኋላ፣ በ1982 ነው። ሚሊካን ለቻርጁና ለፎቶኤሌክትሪክ ሥራው በ1923 ኖቤል ተሸለመ። ሁክ ለቦይል፣ ዴሳጋ ለቡንሰን፣ ፍሌቸር ለሚሊካን፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ አብሮ የሠራ የሚል አምድ ይጨመር ስትል ሐሳብ አቀረበች። ከዚህ በኋላ ክሩ ሁሉ ይህን አምድ መሙላት ያዘ።

19ኛው ወዲያው የኮኽን ሞላ። ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው ማርች 24 ቀን 1882 ነው። በዚያ ሰሞን ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት ጄላቲን በሰውነት ሙቀት ይቀልጥ ነበር፤ አንዳንድ ባክቴሪያም ራሱ ያቀልጠዋል። በአጋር እንዲተካ ሐሳቡን ያመጣችው ፋኒ ሄሰ ናት፤ ባሏ ቫልተር ሄሰ በኮኽ ላብራቶሪ ይሠራ ነበር። አጋር የሚቀልጠው 85 ዲግሪ ገደማ፣ የሚረጋው 40 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በ37 ዲግሪ እንደረጋ ይቆያል። ክዳን ያለውን ጠፍጣፋ ሳህን በ1887 ያወጣው ሌላው ረዳት ዩሊየስ ፔትሪ ነው። መላሹ አንድ የተለመደ ስሕተትም አረመ። ኮኽ ቲቢን መጀመሪያ ያሳደገው በረጋ የደም ሴረም ላይ ነው፤ አጋር ላይ አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከሳምንት በላይ ሳይታይ ይቆያል፤ ሌላው ተመራማሪ በቶሎ ምንም የለም ብሎ በሚጥልበት ጊዜ ኮኽ ታግሶ ጠብቋል።

20ኛዋ መላሽ እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። ርዕሱ ሳይንቲስቶችና ደራሲዎች ይላል፤ አስራ ዘጠኝ ምላሽ ሙሉ ስለ ቱቦና ስለ ሳህን ተወራ፤ ደራሲዎቹ የገበታ ማድመቂያ ናቸው ወይ ብላ በቁጣ ጻፈች። ቁጣዋ አግባብ ነበር፤ ከዚያ የመጡት ምላሾች የክሩ ምርጦች ናቸው።

21ኛው ስቲቨንሰንን ያዘ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን (1850–1894) በደሴት ስለተቀበረ ሀብት ፍለጋ የተረከበትን ልብ ወለድ በ1883፣ ጄኪልንና ሃይድን በ1886 ከማሳተሙ በፊት ኢንጂነር ሊሆን ኤድንብራ ይማር ነበር። በ1871 ብልጭ ድርግም ስለሚል አዲስ ዓይነት የመብራት ማማ መብራት ለስኮትላንድ የጥበባት ማኅበር ጽሑፍ አቅርቦ የብር ሜዳልያ አግኝቷል። ቤተሰቡ የመብራት ማማ ሠሪ ነበር። አያቱ ሮበርት ስቲቨንሰን (1772–1850) በሞገድ በሚዋጠው የቤል ሮክ ዐለት ላይ ማማ አሠርቷል፤ መብራቱ የተለኮሰው በ1811 ነው። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ሁለቱም በዝርዝሩ ይገባሉ፤ አንዱ በግንባታ፣ አንዱ በድርሰት።

22ኛው ማስጠንቀቂያ ጨመረ። በ1829 ሮኬት የተባለችውን የባቡር ሞተር የሠራው የጆርጅ ልጅ ሮበርት ስቲቨንሰን (1803–1859) ሌላ ቤተሰብ ነው፤ በላቲን ፊደል አጻጻፋቸው ቢለያይም በአማርኛ አንድ ይሆናሉ። ለመለየት የልደት ዓመት የግድ ነው። መላሹ ከዚያ ትንሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። የደራሲው አባት ቶማስ ስቲቨንሰን በሜትሮሎጂ ጣቢያ የምናየውን ነጭ የቴርሞሜትር ሳጥን ያወጣ ሰው ነው። ግድግዳው ድርብ ሆኖ በተደራረቡ ሰያፍ ጣውላዎች ይሠራል፤ አየር ያስገባል፣ የፀሐይ ጨረር ግን አያሳልፍም። ቴርሞሜትሩ ከመሬት 1.25 እስከ 2 ሜትር ይሰቀላል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ በሩ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ አለዚያ ለማንበብ ሲከፈት ፀሐይ ቴርሞሜትሩን ትመታዋለች። ቀለሙ ሲቆሽሽ ንባቡ በቀን ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በየጊዜው መታጠብና መቀባት አለበት። ቶማስ ሮበርት ባይሆንም ይህን ማንበቤ አልከፋኝም።

23ኛዋ ብራውኒንግንና ሙዚልን በአጭሩ አነሣች። ሮበርት ብራውኒንግ በ1889፣ በሞተበት ዓመት፣ ድምፁ በኤዲሰን ፎኖግራፍ ተቀርጿል፤ የራሱን ግጥም ጀምሮ ስንኙ ጠፋበትና ይቅርታ ሲጠይቅ ይሰማል። ሮበርት ሙዚል የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ጨርሶ በ1908 በርሊን ውስጥ ስለ ኤርንስት ማኽ ፍልስፍና የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ፤ ለሥነ ልቦና ሙከራ የሚያገለግል የቀለም መሽከርከሪያ መሣሪያም ሠርቷል። የትልቁ ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ የሒሳብ ሰው ነው።

24ኛው መላሽ ከሁሉ የሚያስደስተውን ሰው አመጣ፦ ሮበርት ዊልያምስ ዉድ (1868–1955)። የብርሃን ፊዚክስ ሊቅ ሲሆን በ1907 ወፎችን ከአበቦች እንዴት እንደሚለዩ የሚያስረዳ አስቂኝ የግጥም መጽሐፍ ጽፎ ሥዕሉንም ራሱ ሣለ። በ1904 የፈረንሳዩ ብሎንድሎ አገኘሁት ያለውን ኤን ጨረር ሊያይ ናንሲ ሄደ። ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ ዉድ ጨረሩን ይበትናል የተባለውን የአሉሚኒየም ፕሪዝም ማንም ሳያየው አነሣው፤ ተመልካቾቹ ግን ያንኑ ንባብ መስጠታቸውን ቀጠሉ። ይህን ኔቸር መጽሔት ላይ ሲያወጣ ጉዳዩ አበቃ። ሐኪሞች ቆዳ የሚመረምሩበት የዉድ መብራትም በስሙ ይጠራል፤ የሚታየውን ብርሃን አስቀርቶ 365 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን አልትራቫዮሌት የሚያሳልፍ መስታወት አለው። ሲጠቀሙበት ክፍሉ በደንብ መጨለም አለበት፤ የልብስ ብናኝና ቅባት ሰማያዊ እያበሩ ሰውን ስለሚያታልሉ ቆዳው አስቀድሞ ይጠረግ። 20ኛዋ መላሽ እዚህ ላይ ተመልሳ አመሰገነች።

25ኛው ጎዳርድን አስተካከለ። ማርች 16 ቀን 1926 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኦበርን ላይ የተተኮሰው የመጀመሪያው የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ቤንዚንና ፈሳሽ ኦክስጅን ይጠቀም ነበር፤ ለ2.5 ሰከንድ በርሮ 12 ሜትር ከፍ አለና 56 ሜትር ርቆ ወደቀ። ጎዳርድ ሞተሩን ከላይ፣ ታንኮቹን ከታች ያደረገው ሮኬቱን ከላይ የሚጎትተው ኃይል ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል ብሎ ነው። አይሠራም፤ ሞተሩ ከሮኬቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሮኬቱ ሲያዘነብል ግፊቱም አብሮት ያዘነብላል፣ የሚመልሰው ኃይልም የለም። ጎዳርድ በኋላ ሞተሩን ወደ ታች አውርዶ ጋይሮስኮፕና መሪ ክንፎች ተጠቀመ።

26ኛው ምላሽ የመክፈቻው ጸሐፊ ነው። ዝርዝሩን በልደት ዓመት ደርድሮ መለሰው፤ ማየር፣ ኦፐንሃይመር፣ ፊትዝሮይ፣ ዉድ፣ ሁለቱ ስቲቨንሰኖችና ማልተስ ከማሳሰቢያ ጋር ገብተዋል። ብራውን የሚለው መስመር አሁን ከብናኝ ውስጥ የወጡ ቅንጣቶች ይላል። አብሮ የሠራ የሚለው አምድም ተጨምሯል፤ ከፍሮስትና ከበርንስ ጎን ባዶ ነው።

27ኛው ምላሽ አንድ የቀረ ጥንድ አመልክቷል። ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች አሉ። ሮበርት ዉድሮው ዊልሰን ከአርኖ ፔንዚያስ ጋር በ7.35 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት በአንቴና ያዳመጡት የማይጠፋ ጫጫታ ከመላው ሰማይ የሚመጣ ጨረር ሆኖ ተገኘ፤ በ1978 ኖቤል ተሸለሙ። ሮበርት ራትበን ዊልሰን (1914–2000) ፌርሚላብ የተባለው የአሜሪካ የቅንጣት ፊዚክስ ላብራቶሪ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሲሆን በ1946 ፕሮቶን ለካንሰር ሕክምና እንዲውል ሐሳብ ያቀረበ ነው። መላሹ የጠየቀው ሁለቱም ከነመካከለኛ ስማቸው እንዲገቡ፣ ከመጀመሪያው ጎን በአብሮ የሠራ አምድ ፔንዚያስ እንዲጻፍ ነው። የመክፈቻው ጸሐፊ በዚያው ዕለት አስገብቷቸዋል።